ሦስት ረጅም

ከወይራ ጉድባ መንደር ፊት ለፊት፣ ከገደሉ ወዲህ ማዶ፣ የጡረተኛው ቴሌግራፈኛ የጋሽ ይርዳው ቤት፤ ነሐሴ፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ግድም። ጋሽ ይርዳው አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ከከተማ ሐኪም ቤት ገና መግባታቸው ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ላይ “በቃኝ” ያለችው የጎረቤት ልጅ ትርሲት ደግሞ መዝገብ ታቅፋ በር ላይ ጠብቃቸዋለች።

ትርሲት፦ እንደኔ ያለ ሬዲዮ ጠባቂ በዚህ ወረዳ ከተገኘ ስሜን እቀይራለሁ። አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ሰዓት አላመለጠችኝም። ይኸው መዝገቡ።

ጋሽ ይርዳው፦ መጀመሪያ ደህና ገቡ ወይ አይባልም? ዓይኔን ተቀድጄ ነው የመጣሁት።

ትርሲት፦ ደህና ገቡ ጋሼ። እግዜር ይማርዎት። ፋሻው አምሮብዎታል፣ ሽፍታ መስለዋል። አሁን መዝገቡን ይዩልኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ በአንድ ዓይን?

ትርሲት፦ ለኔ ሥራ አንድ ዓይን ይተርፋል። ከእሑድ ጀምሮ በየሰዓቱ “ሦስት አጭር፣ ደህና” እያልኩ ነው የመዘገብኩት። ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ። እርስዎ የጻፉት ገጽ እኮ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

ጋሽ ይርዳው፦ ዶሮ ስትጭር አንድ ነገር አይታ ነው። እስቲ ቁጭ በይ። ሣጥኗ የት ናት?

ትርሲት፦ ፈተና ነው? ትምህርት ቤት የተውኩት ፈተና ጠልቼ ነው እኮ።

ጋሽ ይርዳው፦ የት ናት?

ትርሲት፦ ከወይራ ጉድባ በላይ፣ መሬቱ ከተሰነጠቀበት ሸንተረር ጀርባ። ሽቦዋ ስንጥቁን ተሻግሮ ማዶ ካለው ችካል ጋር ታስሯል። ሽቦው ካልተነካ ሦስት አጭር ትልካለች፤ ደህና ነን ማለቷ ነው። መሬቱ ከተንሸራተተ ሽቦው ይበጠስና ሦስት ረጅም ትልካለች፤ ተነሱ ማለቷ ነው። አንዷ አጭር አንድ ደቂቃ፣ አንዷ ረጅም ሦስት ደቂቃ። ጆሮ አይሰማትም፤ ላፕቶፑ ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ልጋግ ነጭ መስመር እየጎተተች ታልፋለች። ስንት ማርክ ሰጡኝ?

ጋሽ ይርዳው፦ ለምንድን ነው እንደዚያ የምትንቀረፈፈው?

ትርሲት፦ አቅም ስለሌላት። ጉልበቷ የእጅ ባትሪ አምፖል አያበራም። “ደካማ ሰው ከተንጣጣ አይሰማም፣ ቀስ ካለ ግን በጫጫታ መሀልም ይለያል” ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ልክ ነው፣ እስኪሄድ ድረስ ግን ዶሮዋ አርጅታ ትሞታለች።

ጋሽ ይርዳው፦ ስለዚህ ሰለቸሽ።

ትርሲት፦ ኧረ ምን በወጣኝ? ቋንቋ ነው የሆነችልኝ። እማዬ እንኳ ለምዳዋለች። ጠዋት አልነሳም ያልኩ እንደሆን ደጅ ቆማ “ትርሲትዬዬዬ” እያለች ሦስቴ እያስረዘመች ትጣራለች። “ሦስት ረጅም ነው፣ ተነሺ” ትላለች። የሰፈር መሳቂያ አደረገችኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ እናትሽ የት ሄደች? ሳልፍ በራችሁ ተዘግቷል።

ትርሲት፦ ወይራ ጉድባ። እማሆይ አጸደ አርፈው የለ? ትናንት ተቀበሩ፣ ዛሬ ሰዉ ለቅሶ ተቀምጧል። ግማሹ ሰፈር ነው በሌሊት ተነሥቶ የተሻገረው። የእድራችን ጡሩንባ ነፊ ጋሽ ፈለቀ ሳይቀር።

ጋሽ ይርዳው፦ ድንኳኑ የት ተተከለ?

ትርሲት፦ ከሸንተረሩ ሥር፣ የእማሆይ በር ላይ። ሌላ ሜዳማ ቦታ የት አላቸው? የዋርካው ሜዳ እንደሆን ሩቅ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ከስንጥቁ በታች ማለት ነው። ማን ሂዱ አላቸው?

ትርሲት፦ ማንም። እማዬ ብቻ ልትወጣ ስትል “ሣጥኗ ምን አለች?” አለችኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ አንቺስ?

ትርሲት፦ ምን እላለሁ፤ መዝገቡ ላይ ያለውን ነዋ።

ጋሽ ይርዳው፦ አምጪው መዝገቡን።

ትርሲት፦ ስሰጥዎት እምቢ ብለው አሁን ይነጥቁኛል? ቀስ ይበሉ፣ መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት ገጾች ሽሮ ነክቷቸው ተጣብቀዋል። እንዳይገልጧቸው፣ ይቀደዳሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ እሑድ። ጠዋት አርባ፣ ቀትር ላይ ሠላሳ አንድ፣ ማታ አርባ።

ትርሲት፦ መስመሯ ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠችበት ቁጥር ነው። ጻፊ ስላሉኝ ጻፍኩ።

ጋሽ ይርዳው፦ ሰኞ። ጠዋት አርባ፣ ቀትር ሠላሳ ሦስት፣ ማታ ሠላሳ ዘጠኝ።

ትርሲት፦ ልክ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ማክሰኞ። ጠዋት አርባ። ቀትር አርባ። ማታ አርባ።

ትርሲት፦ ጸባይ ገዛች።

ጋሽ ይርዳው፦ ረቡዕ። አርባ፣ አርባ፣ አርባ፣ አርባ። የማንን ተዝካር ነው የምታወጪው?

ትርሲት፦ ምን አጠፋሁ ጋሼ? ዝንፍ አላለችም ማለት ጥሩ አይደለም?

ጋሽ ይርዳው፦ ቴሌግራፍ ቤት አርባ ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሲዋሽ ያላየሁት መዝገብ የለም። ሣጥኗ ስትሞቅ ቁጥሯ ይወርዳል፣ ስትበርድ ይወጣል። ፀሐይ ስትወጣ እዚህ ተቀምጬ አውቃታለሁ። ጎንበስ ትልልኛለች።

ትርሲት፦ ታዲያ ነሐሴ አይደል? ደመና ነው። ፀሐይ የት ኖራ ትሞቃለች?

ጋሽ ይርዳው፦ ማክሰኞ ፀሐይ አልወጣችም?

ትርሲት፦ ጭላንጭሏም አልታየ።

ጋሽ ይርዳው፦ አጥሬ ላይ የተሰጣው ሸራ ጫማ የማን ነው?

ትርሲት፦ የኔ።

ጋሽ ይርዳው፦ መቼ አጠብሽው?

ትርሲት፦ ማክሰኞ።

ጋሽ ይርዳው፦ ደርቋል?

ትርሲት፦ ጋሼ፣ ከሐኪም ቤት የመጣ ሰው እኮ ጋደም ይላል።

ጋሽ ይርዳው፦ ያንቺን ጫማ ያደረቀች ፀሐይ ሣጥኗን ለይታ ዘለለቻት?

ትርሲት፦ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማን ነገረኝ?

ጋሽ ይርዳው፦ ሦስት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ስልክሽን እያየሽ ነበር።

ትርሲት፦ እሺ። ግን አይቆጡ።

ጋሽ ይርዳው፦ አልቆጣም። ሐኪሙ ከልክሎኛል።

ትርሲት፦ ላፕቶፑን ሰኞ ማታ ከአንቴናው ሽቦ ነቅዬ ወደ ቤት ወሰድኩት። አንድ ፍላሽ ድራማ አግኝቼ ነበር። ሃያ አራት ክፍል ነው። ልጅቷን ያለ ፈቃዷ ሊድሯት ነው፣ ወንድሟ ደግሞ…

ጋሽ ይርዳው፦ መቼ መለስሽው?

ትርሲት፦ ዛሬ ጠዋት። እማዬ ከሄደች በኋላ።

ጋሽ ይርዳው፦ ከፍተሽ አየሽ?

ትርሲት፦ ገና። እርስዎን ስጠብቅ።

ጋሽ ይርዳው፦ ስለዚህ ከሰኞ ማታ ወዲህ ያቺን ሣጥን ያያት ሰው የለም። ዝናቡ ደግሞ ትናንት ሌሊት እንኳ አላቆመም።

ትርሲት፦ ሁልጊዜ ደህና ናት እኮ ጋሼ። ሰኔ ላይ ጃርት ሽቦዋን ቆርጣ ካስዋሸቻት በቀር ከደህና ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ያንኑ በየሰዓቱ ከመጻፍ ብዬ ነው…

ጋሽ ይርዳው፦ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ። የአንቴናውን ሽቦ ሰኪና ላፕቶፑን ክፈቺው።

ትርሲት፦ ሰካሁት። ይኸው ቀይ መብራት በርቷል። ሲከፈት ጊዜ ይፈጃል፣ እንደ ባለቤቱ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ስልክ ሞክረሻል?

ትርሲት፦ ኔትወርክ ከሰኞ ጀምሮ የለም። ወንዙም ሞልቷል፤ በድልድዩ ሲዞሩት ሦስት ሰዓት ነው። ጋሼ፣ ዝም ብለው እያስፈሩኝ ነው። ደህና ናት። አሁን ያዩታል።

ጋሽ ይርዳው፦ የኔን ሰዓት ያዢ። መስመር ከጀመረች ጊዜውን ቁጠሪ። አንድ ደቂቃ ላይ ከቆመች ሳምሻለሁ።

ትርሲት፦ ተከፈተ። ባዶ ነው፤ ዥጉርጉር ብቻ፣ የተነፋ አሸዋ ይመስላል።

ጋሽ ይርዳው፦ ልካ ስትጨርስ አምስት ደቂቃ ታርፋለች። ጠብቂ።

ትርሲት፦ መጠበቅ የሚባል ነገር ያሳብደኛል። ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? ሰው ተቀምጦ ዝምታ ይመዘግባል?

ጋሽ ይርዳው፦ አዎ። ዝምታ ነው ሥራው።

ትርሲት፦ ጀመረች። ጋሼ፣ ጀመረች። ነጭ ናት፣ ቀጭን። ይኸው አስር ሰከንድ።

ጋሽ ይርዳው፦ እሺ።

ትርሲት፦ ሠላሳ። እማዬ ዛሬ አዲሱን ሰማያዊ ጃንጥላ ነው የያዘችው። ለቅሶ ቤት ሰማያዊ ጃንጥላ ይዞ መሄድ ነውር ነው ብያት ነበር። “ዝናብ ነውር አያውቅም” አለችኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ስንት ደረሰች?

ትርሲት፦ ሃምሳ። ሃምሳ አምስት። አሁን ትቆማለች።

ጋሽ ይርዳው፦ ቆመች?

ትርሲት፦ አንድ ደቂቃ ከአምስት። ሰዓትዎ ይቀድም ይሆን?

ጋሽ ይርዳው፦ ቀድሞ አያውቅም።

ትርሲት፦ አንድ ተኩል። አንዳንዴ ጅራት ትተርፋት የለ? ቅድም የጀመረችውን እኔ ዘግይቼ አይቼው ይሆናል… አይ፣ ያኔማ ከአሁኑም ትበልጣለች። ሁለት ደቂቃ። ጋሼ፣ አትቆምም።

ጋሽ ይርዳው፦ ልጄ፣ እሱ ረጅም ነው።

ትርሲት፦ ሦስት። ቆመች። አሁን ቆመች። እንንፋ። ጡሩንባው ይኸው ግድግዳዎ ላይ ነው፤ የእድሩ ጸሐፊ እርስዎ ነዎት፤ ይንፉ።

ጋሽ ይርዳው፦ ቆይ።

ትርሲት፦ ምኑን ነው የምቆየው? እናቴ እኮ እዚያ ናት።

ጋሽ ይርዳው፦ ረጅም መሆኗ ሽቦው መበጠሱን ነው የሚነግረኝ፤ ማን እንደበጠሰው አይነግረኝም። ሰኔ ላይ በጃርት ምክንያት ነፍቼ መንደሩ ሁሉ ከነከብቱ ሲሮጥ የአቶ ሸዋንግዛው ዳሌ ተሰበረ። “ሁለተኛ ብትነፋ የሚሰማህ የለም” ብለው አስጠንቅቀውኛል። አንዴ የቀረኝን ጡሩንባ ለሌላ ጃርት አልሰጥም።

ትርሲት፦ ጃርት ካልሆነስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊሆንብን ነው?

ጋሽ ይርዳው፦ አሁን ማንን ነው የምታስቸኩይው? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሁለተኛው መስመር ሲጀምር ቁጥሩን አንብቢልኝ። ለኔ ይደበዝዝብኛል።

ትርሲት፦ ጀመረ። ሁለተኛው ጀመረ።

ጋሽ ይርዳው፦ ቁጥሩ።

ትርሲት፦ ቆይ፣ ልጠጋና ልየው።

ጋሽ ይርዳው፦ ትርሲት። አርባ ብለሽ እንዳትነግሪኝ።

ትርሲት፦ አርባ ሰባት።

ጋሽ ይርዳው፦ ደግመሽ እዪ።

ትርሲት፦ አርባ ሰባት ነው ጋሼ። ወደ አርባ ስምንት እየወጣ ነው። ወደ ላይ ጎበጥ ብላለች።

ጋሽ ይርዳው፦ በዚህ ሰዓት መውረድ ነበረባት። በጥቅምት ውርጭ እንኳ ከአርባ ሁለት አልፋ አታውቅም። እየቀዘቀዘች ነው።

ትርሲት፦ ምን ያቀዘቅዛታል?

ጋሽ ይርዳው፦ ውኃ። ጃርት ውኃ ውስጥ አይነክራትም። ስንጥቁ ተከፍቶ ወድቃበታለች፤ እዚያ ሆና ነው የምትጣራው። አውርጂው ጡሩንባውን።

ትርሲት፦ ይኸው። ይንፉ።

ጋሽ ይርዳው፦ እኔ አልችልም። ሐኪሙ ዕቃ አታንሳ፣ አትጎንበስ፣ ትንፋሽ ወጥረህ አትግፋ ብሎኛል። ስፌቱ ከተፈታ ዓይኔ ይፈስሳል። አንቺ ትነፊያለሽ።

ትርሲት፦ ሴት ልጅ ጡሩንባ ስትነፋ ታይቶ ይታወቃል?

ጋሽ ይርዳው፦ ዛሬ ጉም ነው፣ አትታይም። ወደ አፋፉ ነይ። የሩቅ ማያ መነጽሩንም ያዢ።

ትርሲት፦ ቆይ። ቆይ ጋሼ። ለቅሶ ላይ ናቸው።

ጋሽ ይርዳው፦ አውቃለሁ።

ትርሲት፦ አላወቁም። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ጡሩንባ ሲሰማ ማን ይደነግጣል? “የወዲያ ማዶ እድር ለእማሆይ እየጠራ ነው” ብለው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ እንጂ አይነሱም። እንዲያውም በየቤቱ የቀረው ሁሉ ወደ ድንኳኑ ይመጣል። ከሸንተረሩ ሥር እኛ ራሳችን ልንሰበስባቸው ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ …እውነትሽን ነው። ይሄን አላሰብኩትም።

ትርሲት፦ የለቅሶ ጡሩንባ እንዴት ነው የሚነፋው?

ጋሽ ይርዳው፦ አጭር፣ አጭር፣ ቀጥሎ ስም ይጠራል።

ትርሲት፦ እኔ ስም አልጠራም። ሦስት ረጅም ነው የምነፋው። ሌላው ባያውቀው እማዬ ታውቀዋለች። በየቀኑ ጠዋት በሱ አይደል የምታሰቃየኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ ንፊ። ከንፈርሽን ወጥሪ፣ ጉንጭሽን አትንፊ፣ ከሆድሽ ግፊ።

ትርሲት፦ ፉፍፍ። ይሄ ምንድን ነው? የታነቀ ጥጃ መሰለ።

ጋሽ ይርዳው፦ አፍሽ ሰፋ። አጥብቢው። እንደ ምላስሽ አታርጊው።

ትርሲት፦ በዚህ ሰዓትም ይሰድቡኛል?

ጋሽ ይርዳው፦ ንፊ። አዎ፣ እንደሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አትቁረጪ፣ አምስት፣ ስድስት፣ ግፊ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር። ተንፍሺ።

ትርሲት፦ ራሴ ዞረ።

ጋሽ ይርዳው፦ ያዞራል። ሁለተኛው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ እንዳታሳጥሪው፣ ስድስት፣ ሰባት፣ አጭር ከሆነ ደህና ነን ማለት ነው፣ ዘጠኝ፣ አስር። ሦስተኛውን ቀጥዪ። በርቺ። አዎ። አዎ። በቃ። አሁን እዪ።

ትርሲት፦ ጉም ነው። ምንም አይታይም። ቆይ… ድንኳኑ ታየኝ። ነጭ በነጭ ናቸው። ተቀምጠዋል ጋሼ። አንድም ሰው አልተነሣም። ሁለት ሴቶች እንዲያውም ወደ ድንኳኑ እየሮጡ ነው፣ ደረታቸውን እየመቱ።

ጋሽ ይርዳው፦ ድገሚው።

ትርሲት፦ ከንፈሬ ደማ።

ጋሽ ይርዳው፦ ድገሚው አልኩሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት… ተንፍሺ። ሁለተኛው… ጎሽ… ሦስተኛው። እዪ።

ትርሲት፦ ሰማያዊ። ጃንጥላው ታየኝ። ተነሣች። እማዬ ተነሣች ጋሼ። ወደኛ እያየች ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ሌላውስ?

ትርሲት፦ አንዱ ቁጭ በይ እያለ ነጠላዋን ይጎትታታል። ጋሽ ፈለቀ ነው። ጡሩንባ የሚያውቅ እሱ ብቻ መስሎት። መታችው። በጃንጥላው መታችው።

ጋሽ ይርዳው፦ እግዜር እጇን ይባርከው።

ትርሲት፦ ሰዉን በእጁ እየጎተተች ነው። ቄሱ ተነሡ። ቄሱ ሲነሡ ሁሉም ተነሣ። ወዴት እንደሚሄዱ አላወቁም፣ ይተራመሳሉ… እሷ በጃንጥላው ወደ ዋርካው እያመለከተች ነው። መሄድ ጀመሩ። ምነው እንዲህ ቀስ ይላሉ? የመስቀል ሰልፍ መሰላቸው እንዴ?

ጋሽ ይርዳው፦ ሽማግሌ አለባቸዋ። ከላይ ያሉት ሁለቱ ቤቶችስ?

ትርሲት፦ አንዱ ቤት ጭስ ይወጣዋል።

ጋሽ ይርዳው፦ ሰው አለበት ማለት ነው።

ትርሲት፦ እማዬ ወደዚያ ዞረች። ጋሼ፣ ወደ ላይ እየሄደች ነው። ምን ታደርጋለች እዚያ? ይንገሯት፣ ወደ ታች ይበሏት።

ጋሽ ይርዳው፦ ንፊ።

ትርሲት፦ ብነፋማ የት ልትሰማኝ… በሩ ላይ ደረሰች። አንዲት ሴት ወጣች፣ ልጅ አዝላለች። ሌላ ልጅ በእጇ ይዛለች። እየወረዱ ነው። እየወረዱ ነው… ጋሼ።

ጋሽ ይርዳው፦ ምን አየሽ?

ትርሲት፦ የሸንተረሩ ባሕር ዛፎች እየሄዱ ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ወደቁ?

ትርሲት፦ አልወደቁም። ቆመው ነው የሚሄዱት። ሁሉም ባንድ ላይ፣ ቀጥ ብለው፣ ወደ ታች። ድምፅ የላቸውም። ለምን ድምፅ የላቸውም?

ጋሽ ይርዳው፦ አሁን ይደርስሻል።

ትርሲት፦ መጣ።

ጋሽ ይርዳው፦ ሰማሽው?

ትርሲት፦ ድምፁ በእግሬ ገባ። ቤቱ የለም ጋሼ። ጭስ የነበረበት ቤት የለም። ድንኳኑም የለም። ጉሙ ነው ወይስ አቧራ ነው? አላይም። አላይም።

ጋሽ ይርዳው፦ መነጽሩን አታውርጂ። እኔ ከበሩ ላይ ስክሪኑን አያለሁ።

ትርሲት፦ ምን ይላል?

ጋሽ ይርዳው፦ መሀል ላይ ተቆርጣለች። ቀጣዩን ዙር ስትልክ፣ ሁለተኛውን ረጅም ሳትጨርስ። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ብቻ ነው።

ትርሲት፦ ሦስቱን እንኳ አላገባደደችም?

ጋሽ ይርዳው፦ ከማክሰኞ ጀምራ ስትል ከርማ ይሆናል። ስንቴ እንዳለችው እኔም አንቺም አናውቅም።

ትርሲት፦ ይሄን አይበሉኝ።

ጋሽ ይርዳው፦ አሁን ምን ይታይሻል?

ትርሲት፦ ነጭ ነገር። ዋርካው ሥር ነጭ ነገር አለ፣ ብዙ። ተቃቅፈው ቆመዋል። እየቆጠርኩ ነው፣ እየተንቀሳቀሱ አስቸገሩኝ። ጋሽ ፈለቀ አለ። ቄሱ አሉ። ሴትዮዋ… ልጅ ያዘለችው አለች። ሁለቱም ልጆች አሉ።

ጋሽ ይርዳው፦ እናትሽስ?

ትርሲት፦ የለችም።

ጋሽ ይርዳው፦ ደህና አድርገሽ እዪ።

ትርሲት፦ የለችም አልኩዎት። ደህና ናት ብዬ እኔ ነኝ የላክኋት። ጋሼ፣ አይታ ሳይሆን ጠይቃኝ ነው የሄደችው… ቆይ። ቆይ ቆይ። ከዋርካው ጀርባ። ሰማያዊ። ተሰብሯል፣ አንድ ጎኑ ተንጠልጥሏል፣ ግን ሰማያዊ ነው። ወደ ላይ እያወዛወዘችው ነው። ወደኔ ነው የምታወዛውዘው።

ጋሽ ይርዳው፦ እንዴት አድርጋ?

ትርሲት፦ ቶሎ ቶሎ። ሦስቴ። ቆም ትላለች፣ ደግሞ ሦስቴ።

ጋሽ ይርዳው፦ ተመስገን።

ትርሲት፦ ሦስት አጭር። ደህና ነን እያለች ነው። አዩ አይደል? እኔ ባላስተምራት ይሄን ማን ያውቅላት ነበር?

ጋሽ ይርዳው፦ አይቻለሁ።

ትርሲት፦ አይቻለሁ ብቻ? ለቅሶ ጡሩንባ መስሏቸው ነበር፣ እኔ አይደለሁ ያሰብኩት? ከንፈሬ ይኸው ደምቷል። ሴት ልጅ ነፍታ አገር አዳነች ማለት ትንሽ ነገር ነው? በሉ መዝገቡን ይስጡኝ፣ ሰዓቷን ከነደቂቃዋ ልጻፋት። በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። “ሐሙስ፣ አራት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ረጅም፣ ነፊዋ ትርሲት” ብዬ። ለታሪክ ይቀመጣል። ምን እየገለጡ ነው? እሱ ገጽ የተጣበቀው ነው፣ ይቀደዳል አላልኩም?

ጋሽ ይርዳው፦ ስትነፊ ገለጥኩት። የምትጽፊበት ቦታ የለም፤ እስከ ፊታችን ቅዳሜ ማታ ድረስ “ሦስት አጭር፣ ደህና” ብለሽ ሞልተሽዋል።